ካህንና ቄስ አንድ ናቸው?

የሠልስቱ ቀን ነበር። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሄደዋል። ድንኳኑ ውስጥ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የሟች የእኅት ልጅ ፕሮቴስታንት ነው። ጨዋታ መሃል ለአጎቱ፣ «እኛ ዘንድ እኮ አማኝ ሁሉ ካህን ነው፣ ጋሼ» አላቸው። አጎትየው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ጎሽ የኔ ልጅ! እንግዲያው እሑድ አንተ ትቀድስልናለሃ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ከረረ። አንዱ ከጴጥሮስ መልእክት ይጠቅሳል፣ ሌላው ከኦሪት ይመልሳል። ምሳ እስኪቀርብ አልተግባቡም።

ጥግ ይዤ ስሰማ ነበር። የሁለቱም ጥቅስ ልክ ነው። ያላግባባቸው ቃሉ ራሱ ነው። «ካህን» የምትለዋ ቃል ረጅም መንገድ ተጉዛለች፤ በየደረሰችበትም ሌላ ሸክም ተጨምሮባታል። እስቲ ከመነሻዋ እንከተላት።

ቃሉ ከየት መጣ?

ካህን የዕብራይስጡ «ኮሄን» ወንድም ነው። ግእዝና ዕብራይስጥ ዘመዳም ቋንቋዎች ስለሆኑ ቃሉ ከነትርጉሙ ይመሳሰላል። በመሠዊያ ፊት ቆሞ ስለ ሕዝብ የሚያገለግል ሰው ማለት ነው።

ቄስ ግን በሌላ በር ነው የገባው። ቀሲስ ከሚለው የመጣ ነው፤ እሱም ከሶርያው «ቀሺሻ»። ትርጉሙ ሽማግሌ ነው። በግሪክ «ፕሬስቢቴሮስ» የሚባለው ይኸው ነው። ኤጲስ ቆጶስ ደግሞ በግሪክ የበላይ ተመልካች ሲሆን፣ ዲያቆን አገልጋይ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም በትርጉሙ መሠዊያን አያነሳም።

እንግሊዝኛ የመሠዊያውን ሰውና የማኅበሩን ሽማግሌ በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው። የእኛ ቋንቋ ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጦልናል። እያደባለቅን ያለነው እኛው ነን።

የኦሪት ካህን ሥራው ምን ነበር?

አብዛኛው ሰው «ማረድ» ብሎ ይመልሳል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 1 ላይ ዕብራይስጡ የሚለው ግን ሌላ ነው። መሥዋዕቱ በሬ ወይም በግ ከሆነ፣ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ የሚያርደው ያመጣው ሰው ነው። የካህኑ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ደሙን ይቀበላል። በመሠዊያው ዙሪያ ይረጫል። እሳቱን ያነዳል፣ እንጨቱን ይረበርባል፣ ብልቱን በየተራው ያቃጥላል። ማረዱ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ወደ መሠዊያው መቅረብ ግን የካህኑ ብቻ ነው።

ለምን እንደዚያ? የመብራት ኃይል ሠራተኛን አስቡ። ሰፈሩ በሙሉ መብራቱን ይፈልገዋል። ፖሉ ላይ ወጥቶ ሽቦውን የሚነካው ግን የሠለጠነው፣ ጓንት ያጠለቀው ሰው ነው። በኦሪት አስተሳሰብ ቅድስናም እንደዚያ ነው፤ ሕይወት ይሰጣል፣ በግዴለሽነት የቀረበውን ግን ይጎዳል። የአሮን ልጆች ናዳብና አብዩድ ካህናት ነበሩ። ያልታዘዘ «ሌላ እሳት» ይዘው ገቡና እዚያው ሞቱ።

ከመሠዊያው ውጭም ሥራ ነበረው። ቆዳው ላይ የሚያጠራጥር ምልክት የወጣበት ሰው ወደ ካህኑ ይሄዳል። ካህኑ አይቶ ሰባት ቀን ይለየዋል፣ ከዚያ ደግሞ ያየዋል። አያክምም፤ «ንጹሕ ነህ» ወይም «አይደለህም» ብሎ ይፈርዳል እንጂ። ኢየሱስ የፈወሰውን ለምጻም «ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ» ያለው ለዚህ ነው። ሕግ ማስተማርም የካህኑ ድርሻ ነበር። መባረክም እንዲሁ። «እግዚአብሔር ይባርክህ ይጠብቅህም» የሚለው የኦሪት ዘኍልቍ ቡራኬ ኢየሩሳሌም አጠገብ በተገኙ ሁለት ትንንሽ የብር ጥቅልሎች ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። የተቆፈሩት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 600 ዓመት ግድም ይገመታል።

ሌዋዊ ሁሉ ካህን ነው?

አይደለም። ሌዊ ነገድ ነው፤ ካህናቱ በዚያ ነገድ ውስጥ የአሮን ዘር ብቻ ናቸው። የቀሩት ሌዋውያን የመገናኛውን ድንኳን (ተንቀሳቃሹን የአምልኮ ስፍራ) ይሸከማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ካህናቱን ያግዛሉ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 መሠረት በ25 ዓመታቸው ገብተው በ50 ከከባዱ ሥራ ይወጣሉ። ጡረታ በሉት።

እኛ አገር ስለ ርስት ብዙ ደም ፈስሷል። ስለዚህ ይህቺን ነጥብ የእኛ ሰው ከሌላው ቀድሞ ይረዳታል። ሌዋውያን የእርሻ ርስት አልነበራቸውም። ሌላው ነገድ መሬቱን ሲከፋፈል ለነሱ የተሰጣቸው 48 ከተሞችና መሰማሪያቸው ነው። ለአሮንም «ድርሻህና ርስትህ እኔ ነኝ» ተባለ። ታዲያ በምን ይኑሩ? ሕዝቡ ለሌዋውያን አሥራት ይሰጣል። ሌዋውያን ደግሞ ከአሥራቱ አሥራት አውጥተው ለካህናቱ ያቀብላሉ።

ክህነቱ በጥሪ ወይም በትምህርት አይገኝም። በልደት ነው። የካህን ልጅ ሆኖ አካሉ ጉዳት ያለበት ከመሥዋዕቱ ድርሻ ይበላል፣ ግን ወደ መሠዊያው አይቀርብም። ካህን የተፈታች ሴት አያገባም። ከቅርብ ዘመዱ በስተቀር ሬሳ አይነካም። ሊቀ ካህናቱማ የእናት የአባቱን ሬሳ እንኳ አይቀርብም። ለቅሶ መድረስ የማይችል ካህን! በኋላ እንመለስበታለን።

ድንበሩን ለማለፍ የሞከሩም ነበሩ። ቆሬ ራሱ ሌዋዊ ነው። 250 ሰዎች አስከትሎ «ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው፤ እናንተ ለምን ከፍ ከፍ ትላላችሁ?» ብሎ ሙሴንና አሮንን ሞገተ። ምድር ዋጠችው ይላል ታሪኩ። ንጉሥ ዖዝያንም ዙፋኑን ተማምኖ ሊያጥን ገባ፤ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት።

ቁጥራቸው ሲበዛ በ24 ክፍል ተመደቡ፤ እያንዳንዱ ክፍል በየሳምንቱ ይፈራረቃል። ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰሞነኛ ማለት ነው። የመጥምቁ ዮሐንስ አባት ዘካርያስ ከአብያ ክፍል ነበር። በሰሞኑ ዕጣ ወጥቶለት ሊያጥን ሲገባ ነው መልአኩን ያየው። በልደት ሕግ ከሄድን፣ በረሃ ለበረሃ ይዞር የነበረው ዮሐንስም ካህን ነበር ማለት ነው።

በስርየት ቀን ምን ይደረጋል?

በዓመት አንድ ቀን፣ በአይሁድ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን፣ አንድ ሰው ብቻ ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። ቀኑን ቀረብ ብለን እንየው።

ሊቀ ካህናቱ የዘወትር ልብሱ እጅግ ያማረ ነው። የወርቅ ጌጥ አለው፣ ጫፉ ላይ የወርቅ ሻኩራ (ቃጭል) እና ሮማን ተንጠልጥሎበታል፣ ደረቱ ላይ 12 የከበሩ ድንጋዮች አሉ፤ በያንዳንዱ የአንድ ነገድ ስም ተቀርጿል። ሕዝቡን በደረቱ ተሸክሞ ይገባል እንደ ማለት ነው። በዚያ ቀን ግን ይህን ሁሉ ያወልቃል። ይታጠባል። ነጭ በፍታ ይለብሳል።

መጀመሪያ ስለ ራሱና ስለ ቤቱ ወይፈን ያርዳል። ስለ ሰው ከመቆሙ በፊት የራሱን ዕዳ ይከፍላል። ፍም የሞላ ጥናና ሁለት እፍኝ ዕጣን ይዞ ከመጋረጃው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጭሱ የታቦቱን የስርየት መክደኛ ይሸፍነዋል፣ «እንዳይሞት»። ከዚያ ደሙን በጣቱ ሰባት ጊዜ ይረጫል። ተመልሶ ስለ ሕዝቡ ፍየል ያርዳል፣ እንደዚያው ያደርጋል። ሁለተኛ ፍየል በሕይወት አለ። ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝበታል። አንድ ሰው ይነዳውና በረሃ ወስዶ ይለቀዋል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና፣ በሚቀጥለውም እንደገና።

ሊቀ ካህናቱ ውስጥ ከሞተ ተስቦ እንዲወጣ እግሩ ላይ ገመድ ይታሰርበታል፣ ሻኩራው ዝም ሲል መሞቱ ይታወቃል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም በስብከት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ገመዱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ወሬው የሚገኘው ከቤተ መቅደሱ መፍረስ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ በወጣው «ዞሃር» በተባለ የአይሁድ ምስጢራዊ መጽሐፍ ነው። ሻኩራውም ቢሆን በዚያ ቀን ከወለቀው ልብስ ጋር ውጭ ነው የቀረው።

ክህነቱን ምን አናጋው?

መጀመሪያ ፖለቲካ። በሮማውያን ዘመን ሊቀ ካህናት መሾምና መሻር የገዢዎች እጅ ገባ። ሐና የሚባለው ሊቀ ካህናት በአንዱ አገረ ገዢ ተሾሞ በሌላው ተሻረ። አማቹ ቀያፋ ከ18 እስከ 36 እ.ኤ.አ. ቆየ። የታሪክ ጸሐፊው ጆሴፈስ የጻፈው ነገር ይበልጥ ያስገርማል። የሊቀ ካህናቱ ልብስ ራሱ የሮም ወታደሮች ባሉበት ምሽግ ተቆልፎበት ነበር። ለበዓል ይሰጣል፣ ሲያልቅ ይመለሳል።

ከዚያ በ70 እ.ኤ.አ. የሮማዊው የጦር አዛዥ የቲቶ ሠራዊት የኢየሩሳሌሙን ቤተ መቅደስ አቃጠለው። መሠዊያ ከሌለ መሥዋዕት የለም። የአይሁድ ሃይማኖት በምኵራብ፣ በጸሎትና በኦሪት ጥናት ዙሪያ ተደራጀ። መምህራኑ ረቢዎች የአሮን ዘር መሆን አያስፈልጋቸውም። ኮሄኖች ግን አልጠፉም። ዛሬም በምኵራብ የዘኍልቍን ቡራኬ ይባርካሉ፣ ሕጉን አጥብቀው በሚይዙት፣ «ኦርቶዶክስ» በሚባሉት አይሁድ ዘንድም የተፈታች ሴት አያገቡም።

ኢየሱስ ከይሁዳ ነገድ ነው፤ እንዴት ካህን ይባላል?

ይህን ጥያቄ ለተቃዋሚ ሳይተው ራሱ አንሥቶ የሚመልስ መጽሐፍ አለ፣ ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት። በምዕራፍ 8 ላይ በግልጽ፣ በምድር ቢሆን ኖሮ ካህን ባልሆነ ነበር ይላል። በኦሪቱ ሕግ የይሁዳ ሰው በመሠዊያው ሥራ የለውም። ክርክሩን የሚያሸንፈው ከአሮን በፊት ወደነበረ ካህን በመሄድ ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 14። አብርሃም ከጦርነት ሲመለስ የሳሌም ንጉሥ መልከ ጼዴቅ ኅብስትና ወይን ይዞ ይወጣል። ይባርከዋል። አብርሃም አሥራት ይሰጠዋል። አለቀ። አባቱ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተወለደ፣ መቼ እንደሞተ አልተጻፈም። የዘር ሐረግ በሚወድ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ዝምታ ያስደንቃል። መዝሙረኛው ደግሞ አንድ ንጉሥን «በከመ ሢመቱ ለመልከ ጼዴቅ»፣ እንደ መልከ ጼዴቅ ሹመት፣ የዘላለም ካህን ይለዋል። ዳዊት የሚደግም ሰው 109ኛው ብሎ ያውቀዋል፤ በዕብራይስጡ ቁጥር 110 ነው።

የመልእክቱ ጸሐፊ ከነዚህ ሁለት ቦታዎች ክር ይስባል። ታናሹ በታላቁ ይባረካል፤ አብርሃም በመልከ ጼዴቅ ተባርኳል። ሌዊም ገና ሳይወለድ በአብርሃም ወገብ ውስጥ ሆኖ አሥራት ከፍሏል ይላል። ለዛሬ አንባቢ እንግዳ አነጋገር ነው። «ከአባቴ አብራክ የወጣሁ» ለሚል ባህል ግን ብዙም አይከብድም። ክህነት በልደት ሳይሆን በእግዚአብሔር መሐላ ሊሰጥ ይችላል ማለቱ ነው።

ከዚያ ንጽጽሩ ይመጣል። የኦሪቱ ካህናት ብዙ ናቸው፤ ሞት ስለሚወስዳቸው ይተካካሉ። ክርስቶስ ግን ለዘላለም ስለሚኖር ምትክ የለውም። እነሱ ስለ ራሳቸውም ይሠዉ ነበር፤ እሱ አላስፈለገውም። እነሱ የፍየልና የወይፈን ደም ይዘው ይገባሉ፤ እሱ የራሱን ደም ይዞ አንድ ጊዜ ገባ። በምዕራፍ 10 ላይ ያለችው ነጥብ ለኔ ከሁሉ ትበልጥብኛለች። ካህን ሁሉ በየቀኑ እያገለገለ ይቆማል፤ ክርስቶስ ግን መሥዋዕቱን አቅርቦ ተቀመጠ። ሥራውን የጨረሰ ሰው ነው የሚቀመጠው።

ሐዋርያት ራሳቸውን ካህናት አሉ?

አዲስ ኪዳን ውስጥ የመሠዊያ ካህን የሚባለው የግሪክ ቃል «ሂየሬውስ» ነው። ለአይሁድ ካህናት ተነግሯል። ለክርስቶስ ተነግሯል። ለአማኞች በጠቅላላ ተነግሯል። ለአንድ ሐዋርያ ወይም ለአንድ የማኅበር መሪ እንደ ሹመት ስም ግን አልተሰጠም። መሪዎቹ የሚጠሩት ሽማግሌዎች፣ ኤጲስ ቆጶሳት፣ ዲያቆናት ተብለው ነው። ጳውሎስ ሮሜ 15 ላይ የወንጌል ስብከቱን በክህነት ሥራ ይመስለዋል፤ መሥዋዕቱም አሕዛብ ናቸው። ቤተ መቅደሱ ገና ቆሞ ስለነበር የአይሁድ ካህናትም ወደ አዲሱ እምነት ገብተዋል። የሐዋርያት ሥራ 6 «ብዙ» ይላቸዋል።

ታዲያ ሽማግሌው መቼ ካህን ተባለ? ቀስ በቀስ። በ96 እ.ኤ.አ. ግድም ከሮም ወደ ቆሮንቶስ የተጻፈው የቀሌምንጦስ መልእክት ስለ ሥርዓት ሲመክር፣ ሊቀ ካህናት፣ ካህናትና ሌዋውያን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ እንደነበራቸው ያነሳል። ለጊዜው ምሳሌ ነው። «ዲዳኬ» የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ነቢያትን «ሊቃነ ካህናቶቻችሁ ናቸው» ይላል፤ የመጀመሪያውን ፍሬ ለነሱ ስጡ ሲል ነው። ይኸው ጽሑፍ የእሑዱን ቁርባን መሥዋዕት ብሎ ይጠራዋል።

ቁልፉ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ቁርባኑ መሥዋዕት ከተባለ፣ የሚያቀርበው ሰው ካህን መባሉ አይቀርም። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ በሰሜን አፍሪካዋ ከተማ በካርቴጅ የጻፈው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱልያኖስ ኤጲስ ቆጶሱን ሊቀ ካህናት ይለዋል። ይኸው ሰው ሌላ ቦታ «እኛ ምእመናንስ ካህናት አይደለንም?» ብሎ ይጠይቃል! በዚያው ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው፣ በ258 እ.ኤ.አ. የተሠዋው ቆጵርያኖስ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይጸናል። ካህኑ በክርስቶስ ፈንታ ቆሞ፣ ክርስቶስ ያደረገውን ያደርጋል ይላል።

ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ይህን የሚረዱት ሐዋርያት በእጅ መጫን ያስተላለፉት ክህነት ስሙን ያገኘበት ሂደት አድርገው ነው። ቁርባኑም አዲስ መሥዋዕት ሳይሆን የዚያው የአንዱ መሥዋዕት ተሳትፎ ነው ይላሉ። ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ቃሉ ከአዲስ ኪዳን አጠቃቀም ርቋል ይላሉ። ማርቲን ሉተር በ1520 እ.ኤ.አ. አጥብቆ ያነሣው ይህንኑ ነው።

«ሁላችን ካህናት ነን» የሚለውስ?

ልጁ ለቅሶ ቤት የጠቀሰው 1ኛ ጴጥሮስ 2፥9ን ነው፤ «የንጉሥ ካህናት» ይላል። ጴጥሮስ ግን ቃሉን ከኦሪት ነው የወሰደው። ዘጸአት 19 ላይ እግዚአብሔር እስራኤልን በሙሉ «የካህናት መንግሥት» ትሆኑልኛላችሁ ይላቸዋል። ካህን ለሕዝብ የሆነውን፣ ሕዝቡ ደግሞ ለዓለም እንዲሆን ነው። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ በዘጸአት 28 አሮንና ልጆቹ ለብቻ ይመረጣሉ። በኦሪቱ ሁለቱ አብረው ኖረዋል።

አጎትየው ይህን ቢያነሡት ያዋጣቸው ነበር። ልጁም መልስ አያጣም፤ ዕብራውያን የአሮኑ ክህነት በክርስቶስ ተፈጽሟል ስለሚል፣ የቀረው የሁሉ ክህነት ነው ሊል ይችላል። ጠቡ እንግዲህ ሁሉም ካህናት ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው አይደለም። የሁሉ ክህነት የተለየውን አገልጋይ ያስቀረዋል ወይ የሚለው ነው።

እኛ አገር ምን ይመስላል?

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የመቅደሱ አወቃቀር የኦሪቱን ያስታውሳል። ክህነቱ ግን የዘር አይደለም፤ የገበሬ ልጅ ተምሮ ይቀስሳል።

ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ጋ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ክርስትናን አልተቀበሉም፣ በኢትዮጵያ ሳሉም የፋሲካውን በግ ይሠዉ ነበር። የሃይማኖት አባታቸውን የሚጠሩት ግን «ቄስ» ብለው ነው፣ ሽማግሌ በሚለው ቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ በታወጀው ሲግድ ላይ፣ ዣንጥላ ተይዞላቸው ኦሪት የሚያነቡት እነዚሁ ቄሶች ናቸው።

የሬሳው ጉዳይ ቀርቶብን ነበር። ኦሪት ካህኑን ከሞት አርቆ ያቆመዋል። የጥንት ክርስቲያኖች ግን በሰማዕታት መቃብር ላይ ተሰብስበው ይቆርቡ ነበር። ለአንድ ኮሄን ይህ የማይታሰብ ነው። ዛሬም ሕጉን የሚጠብቅ ኮሄን ወዳጁ ሲቀበር ከመቃብር ቦታው አጥር ውጭ ቆሞ ይሸኛል። እኛ የሄድንበት ቀብር ላይ ግን ቄሱ ጥናቸውን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ድረስ ቀርበው ነበር፤ ዝናብ ስለነበር ጭቃው ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ነበር።